የቅዳሜ ስምንት ሰዓቱ ፊልም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 11 ሰ.

መጋረጃው ተዘግቷል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊልሙን ስምንት ሰዓት ላይ መክፈት ነበረብኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። ጀማል አልደወለም።

ደብተሬ፣ ሕጉን ታውቃለህ። ሕጉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አንድ የፍርሃት ፊልም። አንድ ሳምንት እኔ እመርጣለሁ፣ አንድ ሳምንት ጀማል። እኔ ጥቁርና ነጩን፣ እሱ አዲሶቹን። ከፊልሙ በኋላ ክርክር። ከክርክሩ በኋላ ሻይ። እህቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሲሄድ እንኳ ሕጉ አልተሻረም። እዚያ እሱ በታብሌቱ ይከፍታል፣ እዚህ እኔ በዲቪዲ፣ ስልኩ በመሀላችን ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አየን። ባለፈው ሲያስል ነበር። አቧራ ነው አለኝ።

በመጨረሻ ብቻዬን ከፈትኩት። የወፍጮ ቤቱን ፊልም። ባለወፍጮው ከግድግዳው ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማዋል። ሰባ ደቂቃ ግድግዳውን እናያለን። ምንም አይወጣም። ሥራ ማለት ይህ ነው። የዛሬዎቹ ቢሆኑ በአሥረኛው ደቂቃ ግድግዳውን አፍርሰው አንጀት ያሳዩን ነበር።

ሁለት ጊዜ የደወለ መስሎኝ አቆምኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16።

በየዓመቱ እንደሚደረገው የለንደን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። የግድግዳውን፣ የምድጃውንና የእጄን አስተካከልኩ። ሰፈሬ አርችዌይ ገና ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይጨልማል።

ማርታ ከቤ/ክ በቀጥታ መጣች፣ ምሳ ይዛ። ልጄ ጴንጤ ናት፤ የምትሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያዝዛት አላውቅም። የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች። በመስከረም ልቤ ውስጥ ትንሽ ቱቦ ካስገቡልኝ ወዲህ እንዲህ ነው። አንዴ በቂ ነው አልኳት። ቼክ ላድርግ አባዬ፣ አለች።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። የፊልሞቼ ክፍል በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ሁለቱ ግድግዳ ካሴትና ዲቪዲ ነው፤ ሦስተኛው ስለ ፊልሞቹ የተጻፉ መጻሕፍት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰይጣን ዕቃ ትለው ነበር። ዛሬ አላለችም። ዛሬ ማንን አናገርክ፣ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ማንንም። ጀማልም አልደወለም አልኳት። ሳህኑን ማጠብ ጀመረች። ታጥቦ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21።

ሃሎዊን ነው፤ የሕንጻው ልጆች ጭንብል አጥልቀው ከረሜላ ሊለምኑ በር ሲያንኳኩ አመሹ። ለአራቱ ከፈትኩ። ከረሜላ የለኝም። አንዱን፣ በቀይ ቀለም የተጨማለቀውን፣ ደም እንዲህ ደማቅ እንዳልሆነ፣ ሲደርቅ ወደ ቡና ቀለም እንደሚሄድ አስረዳሁት። አመሰገነኝ። እናቱ ከኋላ ሆና በደንብ አየችኝ።

ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ደብተር ሆኗል። የፍርሃት ፊልሞች ታሪክ፣ ለአማርኛ አንባቢ። አንባቢው ማን ነው ብላ ማርታ ጠይቃኛለች። አላውቅም። ባለሙያም አይደለሁም፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛ የተማርኩት ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ በነበረ፣ አሁን በሌለ ሲኒማ ቤት ወለል ስጠርግ ነው። መጥረጊያ ይዤ የምገባው ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነበር። እናም የሁሉንም መጨረሻ አስቀድሜ አየሁ፤ መጀመሪያውን በዕረፍት ቀኔ ትኬት ቆርጬ። ሰው ወደ ተኩላ ሲለወጥ ሳይ አብረውኝ የሚሠሩት ጮኹ፤ እኔ ቡዳ ወደ ጅብ ይለወጣል ሲባል ያደግሁ ስለሆንኩ አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። መጨረሻውን እያወቅሁ እፈራ ነበር። እንዲያውም ስለማውቀው ይበልጥ።

ይህን በምዕራፍ አንድ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጀማል ከመጽሐፉ ሁሉ የምትረባው እሷ ብቻ ናት ብሏል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከምሽቱ 1 ሰ.

ዛሬም አልደወለም።

ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ በሩ ተንኳኳ። ማርታ። ካፖርቷን አወለቀች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገብታ ጀማል የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ አብሬህ አያለሁ አለች።

ደብተሬ፣ ይህቺ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ካሴቶቼን በጥቁር ፌስታል አስራ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያስቀመጠች ናት። አንድ ወር አላናገርኳትም ነበር።

ከፈትኩላት። ጥቁርና ነጭ፣ ሙታን የሚነሡበት፣ ቀላሉን። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ቆልፋ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትጸልያለች። ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጠየቀችኝ፤

«ለምንድን ነው ፓስተር የማይጠሩት?»

«ጠርተው ነበር። የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው።»

«ታዲያ በደንብ አልጸለየም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መጋረጃው ዝግ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም።

ምን ሆናለች? ሰው ሳይለምድበት ደግ ሲሆን አልወድም። ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ደግነት ካየህ ቤቱ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25።

ወደ አዲስ አበባ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። የለንደን ስልኩም ዝግ። የሚስቱም አይነሣም።

ለማርታ ሥራ ቦታዋ ድረስ ደወልኩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ጀማል ሞቷል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

አንዱን ደንበኛ ይቅርታ ብላ ስታሰናብት ሰማኋት። ከዚያ፤

«አባዬ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ሁሌ እንዲህ ነው። ደህና ነው። ዶንት ዎሪ።»

አንድ ጥያቄ ብጠይቅ አራት መልስ መለሰችልኝ።

መድኃኒቴን ወስጄ እንደሆነ ጠየቀች። ዘጋሁባት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27።

ጀማል ሰፈር፣ ሰቨን ሲስተርስ ሄድኩ። ጀማል ጋዜጣ የሚገዛበት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የኛው አገር ሰው ነው፣ ወሬ የሚወድ። ሲያየኝ ዕቃ የጎደለ ይመስል ወደ ጓዳ ገባ። ዕቃ አልጎደለም። እስኪወጣ ሩብ ሰዓት ቆምኩ፤ ወጥቶ ስለ ብርዱ አወራኝ። እኔም ስለ ብርዱ አወራሁት። የጀማልን ስም ሁለታችንም አልጠራንም።

የጀማል ቤት መጋረጃው ተከፍቷል። ማንም የለም።

በአውቶቡስ ስመለስ አሰብኩ። ጀማል ሠላሳ ዓመት ይህን መንገድ ነድቷል። ተሳፋሪ ሳይቀመጥ ተነሥቶ አያውቅም። በዚህ ብቻ ይኮራ ነበር፤ በልጆቹ እንኳ እንደዚህ አይኮራም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ናስር መጣ፣ የጀማል ትልቁ ልጅ። ደልደል ያለ ሰው ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ የልጆች አባት። ሻይ አልጠጣም አለ። ከቦርሳው መጽሐፉን አወጣ።

መጽሐፉን ላስረዳ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ አርችዌይ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት የበጎ አድራጎት ሱቅ ውስጥ፣ ስለ ፍርሃት ፊልሞች የሚተርክ፣ ፎቶ የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። እጄን ስዘረጋ የሌላ ሰው እጅ ደረሰበት። በእንግሊዝኛ ተጨቃጨቅን። ከዚያ በአማርኛ ሰደበኝ። በአማርኛ መለስኩለት። ባለሱቋ ልታስወጣን ስትል በጋራ ገዛነው። ከጥር እስከ ሰኔ በእኔ ቤት፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በእሱ ቤት። ጳጉሜ በእሱ በኩል ስለወደቀች በየዓመቱ አምስት ቀን ትበልጠኛለህ እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። ቀኖችህን መቃብርህ ላይ እመልስልሃለሁ ይላል፤ አንተ የመቃብር ዘበኛ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መጽሐፉን አንድ ቀን አስቀድሞ ሰጥቶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሆ/ል ተኝቼ ላክልኝ ብለው፣ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀርሃል ብሎኛል።

ናስር መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ጋሽ በቀለ፣ አባቴ ለእርስዎ እንድሰጥ ብሎኝ ነው።»

«መቼ አለህ?»

«ባለፈው... ስልክ ላይ።»

ዓይኑን ከመጽሐፉ አላነሣም። ልጁ ሕጉን አያውቅም። ከየት ይወቅ። አባቱ አደራ አለው፤ አደራውን አደረሰ። በእኛ ዘንድ ግን መጽሐፉ በጥቅምት በር አያቋርጥም። ጀማል ቢታመም አይልከውም። ቢናደድብኝ አይልከውም። ቢያብድ አይልከውም።

«አባትህን አመስግንልኝ» አልኩት።

እሺ አለ። ሊፍት ድረስ ሸኘሁት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማርታ መጣች። ፊልም አላየሁም፣ ራሴን አሞኛል አልኳት። አብራኝ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ሁለታችን እሱን እያየን ተቀመጥን።

እሑድ፣ ጥቅምት 30።

ተናድጃለሁ። ጽሑፌ ቢጣመም ለዚህ ነው።

የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ለምን እንደ ሕፃን ይደበቅብኛል? ጀማል ተቀብሯል። በእነሱ ደንብ በዚያው ቀን። አፈር ያለበሱት እነማን እንደሆኑ አላውቅም። እዚህ ባለሱቁ ያውቃል፣ የማርታ ቤ/ክ ያውቃል፣ ምናልባት ፖስተኛውም ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ፤ እኔም አውቃለሁ። ነገ ማርታ ቤት ሄጄ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ውሸታሞች እላቸዋለሁ። በቃ።

የዚያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰ.

መጽሐፉን ገለጥኩ። ዳርና ዳሩ ላይ የእኔ ጽሑፍ በቀለም፣ የእሱ በእርሳስ። ስለ ድምፅ በሚናገረው ገጽ ላይ «በቄ እዚህ ጋ ተሳስቷል» ይላል። ሌላ ምንም የለም። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አልጻፈም። አንድ ሰዓት ፈለግሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1።

ማርታ ቤት አልሄድኩም። ምክንያቱን ልጻፍ፣ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ነው።

ባለቤቴ አልማዝ ማርታን አርግዛ አምስተኛ ወሯ ላይ እናቷ አገር ቤት ሞቱ። መርዶው መጀመሪያ ለእኔ ደረሰኝ። ሽማግሌዎች እርጉዝ አይነገራትም አሉ። ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ። ውሸቱን ግን ከማንም አሳምሬ ሠራሁት። እናቷ ፊደል ስላልቆጠሩ በሰው ያስጽፉ ነበር፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፉ ቢለያይ አያስጠረጥርም። አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሰው እጅ መጣ እያልኩ፣ ካሌዶኒያን ሮድ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ አልጋ ዳር ተቀምጬ አነበብኩላት። ዝናብ መዝነቡን፣ ላሟ መውለዷን፣ ልጄ በቀለ እንዴት ነው የሚለውን።

ማርታ ተወልዳ ከጠነከረች በኋላ ሰው ሰብስቤ በማለዳ አልማዝን አረዳኋት። መሬት ላይ ወደቀች። ስትጮህ ጎረቤት ወጣ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት፣ ሆ/ል አልጋ ላይ ሆና፣ ድንገት፤

«ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምሮ አውቄ ነበር። እናቴ አንተን በደግ ጠይቃህ አታውቅም።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ስታነብልኝ ድምፅህ ደግ ነበር። እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ አላወራንም። ጊዜም አልነበረም።

ደብተሬ፣ አርባ ዓመት ስለ ፍርሃት አንብቤአለሁ። ይህን የሚመስል ትዕይንት በአንድም ፊልም አላገኘሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4።

ምዕራፍ ዘጠኝ። ስለ አዲሶቹ ፊልሞች። ጀማል አዲሶቹ ላይ ጭራቁ ሐዘን ነው ይል ነበር። ልጇ የሞተባት እናት፣ ቤቱ ውስጥ የሚንጎዳጎድ ነገር፣ መጨረሻ ላይ የሚንጎዳጎደው ሐዘኗ ሆኖ ይገኛል። እኔ በቀይ ቀለም «ስንፍና ነው፤ ሐዘን ጭራቅ አይደለም፤ ሐዘን ሐዘን ነው» ብዬ ጽፌአለሁ።

ዛሬ ኩሽና ውስጥ ሳለሁ ከሳሎን ሳል ሰማሁ። ጋዙን አጥፍቼ ሄድኩ። ሶፋው ባዶ ነው። ሳሉ ከላይኛው ፎቅ ነው፤ የጎረቤት።

ቀዩን ጽሑፍ ሰረዝኩት። በቦታው የእሱን ሐሳብ በእሱ ስም ጻፍኩ። ተስማምቻለሁ አላልኩም። ስሙን ግን ሙሉ ከነአባቱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6።

ማርታ በሰዓቷ መጣች። ዛሬ ራሷ መረጠች። ይሄኛው በጣም ያስፈራል ወይ አለችኝ፤ መካከለኛ ነው አልኩ። ዓይኗን በጣቶቿ ሸፍና በጣቶቿ መሀል አየች፣ ልክ በአምስት ዓመቷ እንደምታደርገው። ጠቁራለች፣ ከስታለች። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር የምትቀመጠው የሥራ ቀኗን እየለወጠች ነው፤ ማጥፋቱን ዘንግታ የሥራ አስታዋሹ ስልኳ ላይ ሲጮህ ሰማሁት።

ከፊልሙ በኋላ ክርክር ሞከርኩ። ባልየው ቤቱን መልቀቅ ነበረበት አለች። ቤቱ የእሱ ነው አልኳት። አባዬ፣ ቤት ምን ያደርጋል፣ ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ፤ አለችና አፏን ያዘች።

ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ወደ ሳሎን አልተመለስኩም። እሷም ፊቷን እንድታስተካክል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

የልብ አፖይንትመንት። ማርታ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ወጣት፣ እጇ ቀዝቃዛ። ሁሉ ደህና ነው አለች፤ ቱቦው ይሠራል፣ መራመድ ይችላሉ።

ሸሚዜን ከመጋረጃው ጀርባ ስቆልፍ ማርታ በሹክሹክታ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ቤተሰብ ውስጥ ሐዘን አለ፣ አልነገርነውም፣ በጣም የሚወደው ሰው ነው፣ ልቡ ይችላል ወይ። እንግሊዝኛዬ በሹክሹክታ ለሚነገርም ይበቃል። ዶክተሯ ይችላል፣ ብቻውን ሆኖ አይስማ አለች።

በጣም የሚወደው ሰው። ጀማልን እንደምወደው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሱም።

ከመጋረጃው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ማርታ ቦርሳዋ ውስጥ የማትፈልገውን ነገር ትፈልጋለች። አውቄአለሁ ልጄ፣ በቃሽ፣ ልላት አፌ ደረሰ። አንድ ወር የተሸከመችውን እዚያው ላወርድላት። ግን ምን አሳርፋታለሁ? ያ ሁሉ ቅዳሜ ከንቱ ነበር ብዬ?

ሻይ ገዛሁላት። ስኳር ሁለት። አባዬ፣ ስኳር ካቆምኩ አሥር ዓመቴ ነው አለች። ጠጣችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።

ማርታ ከሥራ ስትወጣ ደወለች። ነገ ጧት ቤት ነህ አይደል? አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ቅዳሜ ጧት ቤት የማልኖረው። ነኝ አልኳት።

ስለዚህ ነገ ነው።

ቤቱን አጸዳሁ። ወንበሮቹን ቆጠርኩ፣ ስድስት። ሰው ይበዛል፤ ካስፈለገ ካሴት ክፍሉ ውስጥ ያለውን በርጩማ ይጠቀማሉ። የክፍሉን በር ልዝጋው ብዬ ነበር፣ የቤ/ክ ሰዎቿ እንዳይደነግጡ። አልዘጋም። ጀማልም በዚያ በር ነው የሚገባው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከጧቱ 12 ሰ. ከ40።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቅቻለሁ። ታጠብኩ። ጥቁር ልብሴን ለበስኩ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ከረባት። ተላጨሁ። መስኮቱ ዳር ቆምኩ። ሰው ሐዘን ሊነግረኝ ሲመጣ ቆሜ መቀበል አለብኝ ብዬ ነው።

አሁን መጡ። ገና ጨለማ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ በበሩ መብራት አያቸዋለሁ። ማርታ ነጠላ አዘቅዝቃለች። ናስር። ከመስጊዳቸው አንድ ሽማግሌ። የማርታ ፓስተር፣ በአጭር ካፖርት፣ ብርድ ያንዘፈዝፈዋል። ባለሱቁም አለ። በሩ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። ማን ይናገር በሚለው ላይ መሆኑ ነው። ፓስተሩ ሽማግሌውን ያሳያል፤ ሽማግሌው ናስርን። ማርታ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ነኝ የምነግረው ማለቷ ነው።

እኔ እዚህ ለብሼ፣ ተላጭቼ፣ ተዘጋጅቼ ቆሜአለሁ። በሩን ስከፍት ወዲያው ይገባታል። እያወቀ ነው ያስቀመጠኝ ትላለች። ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ በጣቶቿ መሀል ማየት።

አይሆንም። ፒጃማዬን እለብሳለሁ። አልጋውን እበትናለሁ። እንቅልፍ ላይ እንዳገኙኝ ይሁን። ትንገረኝ፤ ማልቀሱ የእኔ ነው፣ ለእሱ ማስመሰል አያስፈልገኝም።

ኮቱ ወለቀ። ጫማው ወለቀ። ሊፍቱ ተነሥቷል፣ ይሰማኛል።

የከረባቱ ቋጠሮ እምቢ አለኝ። በሩ ተንኳኳ።